ድምፁን ያጣ ፊደልና ፊደሉን ያጣ ድምፅ፤ የአብኻዝ አንድ ሆሄና የይፋት ቆላ አጻጻፍ

፩

በጥቁር ባሕር ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከካውካሰስ ተራሮች ግርጌ የሚኖሩት አብኻዞች ቋንቋቸውን በሚጽፉበት የሲሪሊክ ፊደል ውስጥ፣ በሩስኛም ሆነ በዚሁ ፊደል በሚጻፍ በሌላ ቋንቋ የማይገኝ አንድ ሆሄ አለ። መልኩ ሳይዘጋ ወደ ውስጥ የተጠቀለለ ክብ ይመስላል። ድምፁም እንደ መልኩ እንግዳ ነው፤ ከንፈርን አሞጥሙጦ «ው»ንና «ይ»ን ባንድ ትንፋሽ ለማውጣት እንደ መሞከር ያለ ነው። «ሁለት» የሚለው የአብኻዝ ቃል የሚጀምረው በዚህ ድምፅ ነው። የአብኻዝኛ ወንድም በሆነው በአባዛ ቋንቋ ግን ያው ቃል የሚጀምረው ከጉሮሮ ተነሥቶ ከንፈርን በሚያሞጠሙጥ፣ «ዕው» ሊባል በሚችል ድምፅ ነው። ሁለቱን ቋንቋዎች ያነጻጸሩ ሊቃውንት የአባዛው አነጋገር የቀድሞውን መልክ እንደ ጠበቀ፣ የአብኻዙ ግን ከጉሮሮ ወደ አፍ ፊት እንደ ተሻገረ ይናገራሉ።

ይህ ሆሄ ላይ ላዩን ሲታይ የጸሓፊ ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ዳሩ ግን ለጽሑፍ የተመረጠው የአብኻዝኛ ዘዬ 58 ተነባቢዎች ያሉት፣ መሠረታውያን አናባቢዎቹ ግን ሁለት ብቻ የሆኑ ቋንቋ ነው። ይህን ያህል ተነባቢ በተውሶ ፊደል ለመጻፍ የተነሣ ሰው ወይ ድምፆችን ይጥላል፣ ወይ አዲስ ምልክት ይፈጥራል። ሩሲያዊው የጦር መኰንንና የቋንቋ ሊቅ ፒተር ኡስላር እ.ኤ.አ. በ1862 ለአብኻዝኛ የመጀመሪያውን ፊደል ሲያዘጋጅ ሁለተኛውን መንገድ መረጠ። ከዚያ በኋላ የአብኻዝ ተማሪ ብዙ ተንገላቷል። በ1926 የኒኮላይ ማር ፊደል፣ በ1928 ሌላ የላቲን ፊደል፣ በ1938 የጆርጂያ ፊደል፣ በ1954 ደግሞ እንደ ገና ሲሪሊክ መጣበት። በ1920ዎቹ ንባብ የጀመረ ሰው ሳይሸመግል አራት ፊደል ማየት ነበረበት።

ለዚህ ሐተታ የሚጠቅመው ግን የሆሄው አፈጣጠር ነው። አብኻዞች ከንፈር የሚሞጠሙጥባቸውን ሌሎች ተነባቢዎች የሚጽፉት በዋናው ፊደል ጎን አንድ የማሞጥሞጫ ምልክት በመጨመር ነው፤ በግዕዝ ቀ ቈን፣ ከ ኰን፣ ገ ጐን እንደ ወለደ ማለት ነው። ለተጠቀሰው ድምፅ ግን ምልክት የሚጨመርበት እናት ፊደል አልነበረም፤ ከንፈር ሳይሞጠሙጥ የሚነገረው ተራው «ዕ» ከአብኻዝኛ አስቀድሞ ጠፍቶ ነበርና። ስለዚህ እናቱ ለሞተችበት ድምፅ ለብቻው ቤት ተሠራለት። እንግዳነቱም የመጣው ከዚህ ነው።

፪

«ዕ» የጠፋው ከአብኻዝኛ ብቻ አይደለም፤ ከአማርኛም ጠፍቷል። ልዩነቱ በአብኻዝ ድምፁ ሲቀየር አዲስ ፊደል መፈጠሩ፣ በአማርኛ ግን ድምፁ ሲጠፋ ፊደሉ መቅረቱ ነው። ግዕዝ ሀን ከሐና ከኀ፣ አን ከዐ ለይቶ ይጽፍ የነበረው ድምፃቸው የተለያየ ስለ ነበር ነው። አማርኛ ግን ሦስቱን «ሀ»ዎች ወደ አንድ አፍ፣ ሁለቱን «አ»ዎች ወደ አንድ አፍ ጨመራቸው። ሐመሩ ሐና ዐይኑ ዐ ዛሬ በአማርኛ አንባቢ ፊት ስማቸውን እንጂ ድምፃቸውን ይዘው አይቆሙም።

ከዚህ የተነሣ በዘመናዊው ትምህርት ያለፉ ብዙ ጸሓፊዎች እነዚህን «ሞክሼ» ሆሄያት ስለ መቀነስ ሲከራከሩ ኖረዋል። መጀመሪያ የአማርኛ አካዳሚ፣ በኋላም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ በተባለው ተቋምም ይኸው ሐሳብ ቀርቧል። ምክንያታቸው ቀላል አይደለም፤ ልጅ አንድን ድምፅ በሦስት መልክ ለመማር የሚያጠፋው ጊዜ፣ አንድ ቃል በአንድ ገጽ ላይ በሁለት ዓይነት ተጽፎ ሲገኝ የሚፈጠረው ዝብርቅ፣ የማተሚያው ድካም ሁሉ እውነት ነው። በሌላው ወገን ያሉት ሊቃውንት ደግሞ የቃሉ ዘር እንዳይጠፋ ይሟገታሉ። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ለታተመው ታላቅ መዝገበ ቃላታቸው «ዐዲስ» የሚለውን ስም በዐይኑ ዐ ጽፈው የሰጡት ለዚሁ ሥርዓት በመቆም ነው።

ሁለቱም ወገኖች በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም ክርክሩን በአማርኛና በግዕዝ መካከል ያለ የቤተ ሰብ ጉዳይ አድርገው ማየታቸው ነው። አንደኛው ወገን አማርኛ ምን ያሰማል ብሎ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ግዕዝ ምን ያሰማ ነበር ብሎ ይመልሳል። ጎረቤት ምን ያሰማል ብሎ የጠየቀ ግን ከሁለቱም ወገን እምብዛም አይገኝም። ይህን ጥያቄ ለማንሣት ከይፋት ቆላ የተሻለ ቦታ አይኖርም።

፫

ከደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ደጋው በስተ ግራ እንደ ግድግዳ ይቆማል፤ በስተ ቀኝ ደግሞ ማሽላና ማሾ የሚበቅልበት ሜዳ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ያዘቀዝቃል። በዚህ ጠባብ አገር አራት ቋንቋዎች ይገናኛሉ። በከተማውና በቀወት ገበሬዎች መንደር አማርኛ፣ በተራራው ጫፍና ከንፈር ላይ በተሠሩት የአርጎባ መንደሮች አርጎብኛ፣ ከሰንበቴና ከጅሌ ጥሙጋ ጀምሮ ኦሮምኛ፣ በምሥራቁ ሜዳ ደግሞ ዐፋርኛ ይነገራል። እሑድ እሑድ በሰንበቴ ገበያ የአራቱም ቋንቋ ተናጋሪዎች ትከሻ ለትከሻ ይቆማሉ። በዚያ ገበያ ግመል ሲጠየቅና ሲሸጥ የሚሰማው ጆሮ፣ በመጽሐፍ የሞቱ የተባሉት ድምፆች በሕይወት መኖራቸውን ያውቃል።

ዐፋርኛ ሐንም ዐንም ጠብቋል። የሕዝቡ ስም ራሱ በዐይን ይጀምራል። «ሐን» በዐፋርኛ ወተት ነው፤ «ሐ» በጉሮሮ የሚነገረው እንጂ ተራው «ሀ» አይደለም። «ዐሳ» ቀይ፣ «ዐዶ» ነጭ ማለት ነው። የዐፋር ሕዝብ የሚከፈልባቸው ሁለት ታላላቅ ወገኖች፣ ዐሳይማራና ዐዶይማራ፣ በስማቸው መነሻ እነዚህን ሁለት ቃላት ይዘዋል። በአማርኛ መጻሕፍት ግን «አሳይማራ» እና «አዶይማራ» ተብለው በአልፋው አ ስለሚጻፉ፣ የስሙን ሥር የሚፈልግ ተማሪ የሚነሣው ከሌለበት ቦታ ነው። «ዐሳ» የሚለውን ቃል ለብቻው በአማርኛ ገጽ ላይ ያየ ሰው ደግሞ የሚታሰበው ከውሃ የሚወጣው ዓሣ ነው፤ ቀይነት በሐሳቡ አይመጣም።

አርጎብኛም በዚህ ነገር ምስክር ነው። ከአማርኛ ጋር እጅግ የተቀራረበ ቋንቋ ሆኖ ሳለ፣ አማርኛ ፈጽሞ የተዋቸውን የጉሮሮ ድምፆች ርዝራዥ በአንዳንድ ቃላት ጠብቋል። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ አንድሬያስ ቬተርም በ2010 ስለ ሾንቄና ስለ ጦለሃ አነጋገር በጻፉት መጽሐፍ የተመዘገበው ቋንቋ በብዙ መንደሮች ለአማርኛና ለኦሮምኛ ስፍራውን የለቀቀ ነው። ተናጋሪ ሲያንስ የመዝጋቢው ፊደል ይከብዳል፤ ዛሬ በተሳሳተ ሆሄ የተጻፈ ቃል ነገ የሚያርመው አፍ ላይገኝ ይችላልና።

በእነዚህ ሁሉ ላይ ዐረብኛ ይጨመራል። የይፋት የቁርኣን ተማሪ ዐይንንና ሐን ከልጅነቱ ጀምሮ ለይቶ ይማራል። ዐሊ፣ ዑመር፣ ዐብዱ የሚባሉት ስሞች የሚጀምሩት በዐይን ነው። ከ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አንሥቶ ይፋትን የገዙት የወላስማዕ ነገሥታት ስም ደግሞ በዐይን ይጨርሳል። በመዝገብ ላይ ግን አሊ፣ ኡመር፣ አብዱ፣ ወላስማ ሆነው ይገኛሉ። ከሁሉ የበለጠ የተንገላታው የነቢዩ ስም ነው፤ ሙሐመድ፣ መሐመድ፣ ሙሀመድ፣ መሀመድ፣ ሞሃመድ እየተባለ ይጻፋል። በእነዚህ መካከል ያለው የአናባቢ ልዩነት የአፍ ልማድ ነው ሊባል ይችላል፤ የሐና የሀ መፈራረቅ ግን ከጸሓፊው ግዴለሽነት በቀር ሌላ ምክንያት የለውም። ባለ ስሙ ሐ ብሎ ተጠርቶ ሐ ብሎ የሚመልስ ሰው ነው።

፬

እስካሁን የተነገረው ፊደሉ ሞልቶ ድምፁ ስለ ጎደለበት ነገር ነው። የይፋት ቆላ የተገላቢጦሹንም ያሳያል። ዐፋርኛ ምላስን ወደ ላይኛው ላንቃ አጥፎ የሚያወጣው፣ ከተራው «ደ» የሚለይ ድምፅ አለው። ኦሮምኛም በዚሁ ስፍራ አየርን ወደ ውስጥ እየሳበ የሚያወጣው ድምፅ አለው። ሁለቱ ድምፆች አንድ አይደሉም፤ ዳሩ ግን አንድ ቋንቋ ሁለቱንም ስለማይዝ አንድ ሆሄ ለሁለቱም ሊያገለግል ይችላል። ለዚህ ድምፅ ግዕዝ ፊደል አልነበረውም።

ግዕዝ የሌለውን ድምፅ አማርኛ እንዴት እንደ ጻፈው የታወቀ ነው። ከሰ ሸን፣ ከተ ቸን፣ ከነ ኘን፣ ከከ ኸን፣ ከዘ ዠን፣ ከደ ጀን፣ ከጠ ጨን አወጣ። በእናት ፊደሉ ላይ ትንሽ ምልክት ጨምሮ ሰባቱንም ቤት አብሮ ወሰደ። ትግርኛም በዚሁ መንገድ ከቀ ቐን አወጣ። ኦሮምኛን በግዕዝ ፊደል ለመጻፍም ከደ ሌላ ልጅ ተወለደ፤ ይኸውም ዸ ነው። እንግዲህ ደ ሁለት ልጆች አሉት፤ ጀ በቤት ያደገ፣ ዸ ደግሞ በጎረቤት ያደገ። በዚህ ሆሄ «ዹጋ» ተብሎ የሚጻፈው የኦሮምኛ ቃል እውነት ማለት ሲሆን፣ «ዸጋ» ደግሞ ድንጋይ ነው። በተራው ደ የሚነገረው «ዱግደ» ጀርባ ማለት ነው። ሁለቱን «ድ»ዎች አንድ አድርጎ መጻፍ ለኦሮምኛ ተናጋሪ ጠን ከደ እንደ መቀላቀል ነው።

በዐፋርኛም ይህን ድምፅ የሚይዝ አንድ ቃል የአማርኛ አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል። ሁለት መንገደኞች በበረሃ ሲገናኙ ቆመው ወይም ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን የሚለዋወጡበት ሥርዓት በአማርኛ ጋዜጦችና በራዲዮ «ዳጉ» ይባላል። ትክክለኛው አጠራር ግን በታጠፈ ምላስ የሚነገረው «ዻጉ» ነው። ስለዚህ ሥርዓት በአማርኛ ብዙ ተጽፏል፤ ሰው የሰማውን ቃል ሳያጓድል ለሌላው ማድረስ ግዴታው መሆኑ ተመስግኗል። ይህን ያመሰገኑት ጽሑፎች ግን የሥርዓቱን ስም ራሱን ሲያደርሱ የመጀመሪያውን ድምፅ ያጐድላሉ።

ዸ የማይታወቅ ወይም ያልታተመ ሆሄ ቢሆን ኖሮ ይቅርታ ይገባው ነበር። አናሲሞስ ነሲብ የተረጐመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 በግዕዝ ፊደል ታትሟል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኦሮምኛንና ዐፋርኛን ጨምሮ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር የተጠቀመው በዚሁ ፊደል ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ሥርዓት በዩኒኮድ ሲመዘገብ፣ ዸ ከሰባት ቤቱ ጋር አብሮ ገብቷል። የአብኻዙም እንግዳ ሆሄ በዚያው መዝገብ ይገኛል። በማሽን ረገድ ሁለቱም እኩል ናቸው፤ ልዩነታቸው አንደኛውን አብኻዞች በየቀኑ ሲጽፉት፣ ሁለተኛውን ግን የሚያውቀው ሰው ማነሱ ነው።

፭

ዐፋርኛ ዛሬ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። በዲሚስና በሬዶ ስም የሚታወቀውና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የተዘጋጀው አጻጻፍ ለሦስቱ ችግረኛ ድምፆች ሦስት ሥራ ፈት የላቲን ሆሄያትን መደበላቸው። ዐን በ«ኪው»፣ ሐን በ«ሲ»፣ ዸን በ«ኤክስ» ይጽፋል። ምርጫው በራሱ ቤት ውስጥ ንጹሕ ነው፤ አንድ ድምፅ አንድ ሆሄ አለው፤ በሆሄው ላይ ነጥብ ወይም ጭረት አይጨመርም፤ በማንኛውም የጽሕፈት መኪና ይጻፋል። ፓርከርና ሄይዋርድ እ.ኤ.አ. በ1985 በለንደን ባሳተሙት የዐፋርኛ መዝገበ ቃላት የተጠቀሙት በዚሁ አጻጻፍ ነው።

ችግሩ የሚታየው ከቤቱ ውጭ፣ በሰንበቴ ገበያ ነው። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በትምህርት ቤት የገባው የኦሮምኛ ቁቤም ላቲን ነው፤ ነገር ግን በቁቤ «ኪው» ቅ ነው፣ «ሲ» ጭ ነው፣ «ኤክስ» ጥ ነው። በቁቤ የተማረ የጅሌ ልጅ የዐፋርን ስም በዐፋር አጻጻፍ ተጽፎ ቢያገኘው «ቀፈር» ብሎ ያነበዋል፤ ወተቱን «ጨን»፣ ዻጉን «ጣጉ» ይለዋል። ሶማሌ እ.ኤ.አ. በ1972 በደነገገው የላቲን አጻጻፍ ደግሞ «ሲ» ዕ ነው፣ «ኤክስ» ሕ ነው። ሦስት ጎረቤታሞች የኩሽ ቋንቋዎች ከአንድ ፊደል አንድ ሆሄ ወስደው ሦስት ድምፅ ሰጥተውታል። ይህን ያህል መለያየት ያመጣው የላቲን ፊደል ጠባይ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ለብቻው መወሰኑ ነው። ቢሆንም «ላቲን ለሁሉ የሚነበብ የጋራ ፊደል ነው» የሚለው አነጋገር በይፋት ቆላ አይጸናም።

በግዕዝ ፊደል ተጽፎ ቢሆን ምን ይሆን ነበር? «ዐፋር» የሚለውን የትግርኛ አንባቢ በትክክል ያነበው ነበር፤ ትግርኛ ሐንና ዐን እስከ ዛሬ ይናገራቸዋልና። የአማርኛ አንባቢ ይስታል፤ ነገር ግን ስሕተቱ ቅርብ ነው፤ «አፋር» ማለት ከ«ቀፈር» ይልቅ ለባለቤቱ ጆሮ ይቀርባል። ከሦስቱ ድምፆች ለሁለቱ የተዘጋጀ ፊደል ነበረ፤ ሦስተኛው በትንሽ ምልክት ተሠርቷል። ስለዚህ የግዕዝ ፊደል የኩሽ ድምፆችን መጻፍ አይችልም የሚለው ክስ በእነዚህ ሦስት ድምፆች ረገድ መሠረት የለውም።

ነገር ግን ክሱ በዚህ ብቻ አይቆምም፤ ፍርድም ሚዛናዊ መሆን አለበት። ዐፋርኛ አምስት አናባቢዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ሲረዝምና ሲያጥር ትርጉም ይለውጣል። በግዕዝ ሰባት ቤት ይህን ሳያሻማ ማሳየት ያስቸግራል። ይልቁንም በሐና በዐ ቤት የግዕዙና የራብዑ ድምፅ በአማርኛ አንባቢ ዘንድ አንድ ስለ ሆነ፣ ሐንና ሓን፣ ዐንና ዓን ለአጭርና ለረጅም መለያ ማድረግ አንባቢውን ከልማዱ ጋር ማጣላት ነው። ተነባቢ ሲጠብቅና ሲላላም ፊደሉ ምልክት የለውም። አማርኛ «ገና» ብሎ አንድ ጊዜ በዓሉን፣ አንድ ጊዜ ጊዜውን ሲያመለክት አንባቢው በልማድ ያልፈዋል፤ ቋንቋውን በጽሑፍ ገና የሚጀምር ልጅ ግን ልማድ የለውም። ከዚህም ሌላ የዐፋር ሕዝብ በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በጂቡቲ ተከፍሎ የሚኖር ነው። በጂቡቲ በፈረንሳይኛ የተማረው ዐፋር ላቲንን ያነባል፤ ግዕዝን አያነብም። ለሦስት መንግሥታት ለተከፈለ ሕዝብ አንድ ፊደል መያዝ ከጎረቤት ጋር ከመነባበብ ሊቀድም ይችላል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 39 ለእያንዳንዱ ሕዝብ በቋንቋው የመጻፍ መብት ሲሰጥ ይህን ምርጫ ለባለቤቱ ትቷል፤ መተዉም ትክክል ነው።

ከእነዚህ ምክንያቶች ሁሉ በታች ግን አንድ ሌላ ምክንያት አለ፤ ይኸውም የአማርኛ አንባቢ ራሱ ነው። ፊደል በወረቀት ላይ ብቻ አይኖርም፤ በሚያነቡት ሰዎች አፍ ይኖራል። ዐፋር ስሙን በዐይኑ ዐ ቢጽፍ፣ ብዙኃኑ የፊደሉ ተጠቃሚዎች «አ» ብለው እንደሚያነቡት፣ ሲገለብጡትም በ«አ» እንደሚጽፉት ያውቃል። ድምፁ የጠፋበት ፊደል ድምፁ ላልጠፋበት ሰው የማያስተማምን ዕቃ ነው። አብኻዞች ለአንድ ድምፅ ሌላ ማንም የማይጋራቸውን ሆሄ የመረጡት፣ ዐፋሮችም ሥራ ፈት ሆሄ የፈለጉት፣ በጎረቤት ልማድ ያልተያዘ ምልክት ስለሚያስተማምን ነው።

፮

እንግዲህ ከዚህ የሚከተለው ምንድር ነው? ዐፋርኛ ወደ ግዕዝ ፊደል ይመለስ ማለት አይደለም፤ ያ ፍርድ ለዐፋሮች ነው። የሚከተለው የአማርኛ ጸሓፊ፣ ይልቁንም ስለ ሕዝቦች ልማድና ቋንቋ የሚጽፈው ተመራማሪ፣ ያለበት ግዴታ ነው። የዐፋር፣ የአርጎባ፣ የኦሮሞ ቃል በአማርኛ ገጽ ላይ የሚሰፍረው በግዕዝ ፊደል ነው፤ በዚያ ገጽ ላይ ለሚደርሰው መጓደል ተጠያቂው ጸሓፊው እንጂ የቃሉ ባለቤት አይደለም።

በምርምር ረገድ ጉዳቱ ግልጽ ነው። ወተት በዐፋርኛ «ሐን»፣ በሶማልኛ በዐይን የሚጀምር «ዓኖ»፣ በኦሮምኛ «አነን» ነው። ሦስቱ ቃላት ይዛመዳሉ ወይስ አይዛመዱም የሚለው ጥያቄ ሊነሣ የሚችለው፣ አንደኛው በሐ፣ ሁለተኛው በዐ፣ ሦስተኛው በአ መጀመሩ ሲታወቅ ነው። «ሀን፣ አኖ፣ አነን» ብሎ የመዘገበ ተማሪ መልሱን አላጠፋም፤ ጥያቄውን ራሱን አጠፋ እንጂ። ከመንደር ወደ መንደር ዞሮ የሰበሰበው ደብተር በኋላ ለሚመጣው ሊቅ ግማሽ ምስክር ሆኖ ይቀርለታል።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። የሸዋ ሮቢት ልጅ በጆሮው የማይሰማውን ልዩነት በእጁ ጻፍ ቢባል፣ ያ የቃል ሸክም እንጂ ዕውቀት አይሆንም ይባላል። ተቃውሞው ለአማርኛ ቃላት እውነት አለው። «ሀገር» እና «አገር»፣ «ዐይን» እና «አይን» ስለሚባሉት ክርክሩ ይቀጥል፤ ቀለል ያለው አጻጻፍ ቢያሸንፍ አማርኛ የራሱን ቤት አስተካከለ ይባላል። የጎረቤት ስም ግን የአማርኛ ቤት ዕቃ አይደለም። ደግሞም የሸዋ ሮቢት ልጅ አይሰማም ማለት ራሱ የተጋነነ ነው። ዐፋር ደንበኛ ያለው ነጋዴ፣ ከዐፋር ጋር ግጦሽ የሚጋራ ገበሬ፣ የዐብዱን ስም በመስጊድ ሲጠራ የሚሰማ ጎረቤት፣ ድምፁን ባያወጣውም ልዩነቱን ያውቃል። ልዩነቱን የማያውቀው ከቆላው ርቆ የተቀመጠው የመዝገብ ጸሓፊ ነው።

ሐንና ዐን ከአማርኛ የፊደል ገበታ አውጥቶ መጣል የሚፈልጉ ሰዎችም ሊያስቡት የሚገባ ነገር እዚህ ላይ ነው። ለአማርኛ ትርፍ የሆነው ሆሄ ለይፋት ቆላ ትርፍ አይደለም። ገበታው የአማርኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስሌቱ ቀላል ነበር፤ ነገር ግን የትግርኛም፣ የግዕዝም፣ በእሱ የሚመዘገቡት የጎረቤት ቃላት ሁሉም ነው። አብኻዞች ለአንድ ድምፅ ሲሉ አንድ ሆሄ ፈጠሩ። የአማርኛ ጸሓፊ ለሁለት ድምፅ የተፈጠረለትን ሆሄ በእጁ ይዞ ሳለ መጣል ይፈልጋል፤ ለሦስተኛው የተሠራለትንም ዸን ለማንሣት አልደከመም።

የሚጠየቀው ጥቂት ነው። የሰው፣ የነገድና የቦታ ስም ሲመዘገብ ባለቤቱ እንዴት እንደሚጠራው መጠየቅ፤ ሐና ዐ በሚሰሙበት ሐና ዐ መጻፍ፤ በታጠፈ ምላስ ለሚነገረው ድምፅ ዸን መጠቀምና በጽሑፉ መግቢያ ላይ አንድ ጊዜ መግለጽ፤ አናባቢው ሲረዝም ወይም ተነባቢው ሲጠብቅ በቅንፍ ማመልከት። ይህን ሁሉ ለመሥራት አዲስ ማተሚያ ቤት፣ አዲስ ዐዋጅ ወይም አዲስ ፊደል አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ቆም ብሎ መስማት ነው።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። መልአኩ ያወጣውን ስም ጸሓፊ ሊሽረው አይገባም። በይፋት ሜዳ ሁለት መንገደኞች ተገናኝተው ዻጉ ሲለዋወጡ፣ አድማጩ የሰማውን ሳያጓድል ለሚቀጥለው መንገደኛ ያደርሳል። ከእነሱ ቃል ተቀብሎ በወረቀት ለማስፈር የተቀመጠው ሰው ከዚህ ያነሰ ታማኝነት ሊኖረው አይገባም።